ያልተጫወትኩት ሦስተኛ ዙር

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር «ወጥ ጥጄ ነው» ብዬ ከመሀል የምነሳ ሴት ነኝ። መንፈስ አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «ባዶ ሆድህን ነው እንዴ የተኛኸው?» እለዋለሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚለው ደግሞ ምን ጠጥቶ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀዳሁለት እኔው ነኝና። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አይደለም፣ ሆኖብኝ ነው። ባታምኑኝ አልቀየምም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፣ መጨረሻው ላይ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ።

ስሜ ሙሉ ነው። ጁባ የገባሁት የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰላም በተፈረመ በዓመቱ ነው፣ ከታናሽ ወንድሜ ከዳዊት ጋር። እኔ ሀይ ጀላባ ሰፈር ውስጥ ግድግዳው ቀርከሃና ሸራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ምግብ ቤት ከፈትኩ፣ እሱ የጭነት መኪና ይዞ ከኒሙሌ፣ ከኡጋንዳ ድንበር፣ ዱቄትና ቢራ ያመላልስ ጀመር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ጁባ የሚጎርፍበት ጊዜ ነበር፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ፣ የኮንስትራክሽኑ፣ ከስደት ተመላሹ፣ ሁሉም ላቡ በጀርባው እየወረደ «አንድ ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ» ይላል። እኔም እል ነበር። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ የውሃ ቦቴው ሳያመልጠኝ በርሜል አስሞላለሁ፣ ጄኔሬተሩን አስነሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቁጭ የምልበት ጊዜ የለም። ድካም ስላችሁ ተኝተው የሚነሱለት ድካም አይደለም፣ ተኝቼም የማይለቀኝ፣ አጥንቴ ውስጥ የገባ ነገር ነበር። እንድታዝኑልኝ አይደለም የምነግራችሁ፣ ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጌሙን ያመጣው ዳዊት ነው። ከካምፓላ የተገዛ አሮጌ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ የተቀዳ ሲዲ፣ ሲዲው ላይ ካባ የለበሱ ጀግኖች የሚደባደቡበት ጨዋታ። ዘጠኝ ናቸው፣ ይበርራሉ፣ ግንብ በቡጢ ይንዳሉ፣ አውቶቡስ አንስተው ይወራወራሉ። «እታለም፣ ደንበኛ ይስብልሻል» አለኝ፣ ከመመገቢያው ጥግ በመጋረጃ ከልሎ ቴሌቪዥኑን ሰቀለው። እኔማ መጀመሪያ ተሳደብኩ። በኋላ ግን፣ እመኑኝ፣ ከሁሉም የባስኩ እኔ ሆንኩ፣ ከምሳ በኋላ ሰው ሲቀንስ እጄን በሽርጤ ጠርጌ ቁጭ እላለሁ፣ በቀን ውስጥ ቁጭ የምለው ያኔ ብቻ ነው።

ጌሙ ደግሞ ጥሩ ነገር ነበረው፣ አልክድም። ጡጫው ክብደት አለው፣ ሲያርፍ እጅህ ላይ ይሰማሃል። የተሰነጠቀ ግድግዳ በሚቀጥለው ዙር እንደተሰነጠቀ ይጠብቅሃል፣ እንደ ሌሎቹ ጌሞች ምንም እንዳልተፈጠረ አዲስ ሆኖ አይመጣም። ከሁሉም የምወደው ግን የወደቀ ጀግና መነሳት መቻሉ ነው። ደሙ አልቆ መሬት ላይ ከተዘረረ በኋላ አዝራሩን ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርገህ በፍጥነት ከደበደብከው፣ በአንድ ግጥሚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጉልበቱ ይቆማል፣ ከዚያ ቀና ይላል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ተነስ! ተነስ!» እያለ ሲጮህ ብታዩ፣ ያ ሁሉ ከየአገሩ የተሰበሰበ ድካም አብሮ የሚነሳ ነበር የሚመስላችሁ።

ጉድለቱ ግን ያበግናል። ክንፍ ያለው ጀግና ከላይ ሆኖ ሳይወርድ መምታት ይችላል፣ የሠራው ሰው አላሰበበትም፣ ስለዚህ ግድግዳው ላይ «ክንፋሙ ክልክል ነው» ብለን በኖራ ጻፍን። ተጋጣሚህን ጥግ ካስገባኸው ደግሞ በእርግጫ ብቻ ትጨርሰዋለህ፣ መውጫ የለውም። ግጥሚያን መሀል ላይ ለአፍታ ማቆም ይቻላል፣ ማቆየት ግን አይችልም፣ ጄኔሬተር ከጠፋ ሁሉም ጠፋ። ታሪኩማ ተውት፣ ሁሉም ጀግኖች ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ነው የሚደባደቡት፣ ለምን እንደሚጣሉ አንድም ቀን አይነገርህም፣ ክፉ ሰው የሚባል የለበትም። እና ከሁሉም የከፋው፣ እየተነሳ ያለን ሰው መምታት ያስችላል። በጉልበቱ እንደቆመ አንድ እርግጫ ካቀመስከው አለቀለት፣ ሁለተኛ አይነሳም። እኛ ቤት ይህ ነውር ነበር። አንድም ሰው አድርጎት አያውቅም፣ ሰክሮም ቢሆን።

ሌላም ሕግ ነበረን። ግጥሚያው ሦስት ዙር ነው፣ ሁለት ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ወንበር ይለቃል። መንገድ የሚወጣ ሾፌር ግን ሁለት ዙር ብቻ ተጫውቶ አንድ ለአንድ ሆኖ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ዙር እስኪመለስ ይቆያል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ የሾፌሮች ነገር ነው፣ መንገዱ ፈንጂም ጎርፍም ሽፍታም ነበረበት፣ ሰው ያላለቀ ነገር ትቶ ሲሄድ የሚመለስ ይመስለዋል። ጌሙ ማቆየት ስለማይችል ስማቸውን ግድግዳው ላይ እንጽፋለን፣ «ዳዊት 1–1» ብለን፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ከፍተን ሦስተኛዋን ብቻ እንጫወታለን፣ ከዚያ ስሙ ይጠፋል።

ከዳዊት ጋር የሚነዳው ጋትሉዋክ ነበር፣ እኛ ጋቲ ነው የምንለው። ኑዌር ነው፣ ጋምቤላ አድጎ አዲስ አበባ የተማረ፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ ረጅም፣ ከባድ ሰው፣ የኔን የፕላስቲክ ወንበር አንድ እግሯን አጣሞብኛል፣ እሱ ሲቀመጥባት ሲጢጥ የምትል አንዲት ነጭ ወንበር ነበረች። ሁለቱም የሚይዙት ሽማግሌውን ነበር፣ ሽበት ያለው፣ ካባው ጫፉ የተቀደደ፣ ከዘጠኙ በጣም ቀርፋፋው ጀግና፣ ሰው የማይመርጠው። ዳዊት ነው ያስተማረው። ሽማግሌው አንድ አዝራር ሲጫን አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ይነሳል፣ ለምንም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ትመታለህ። ዳዊት አንድ ጊዜ እጅ ይነሳና ይጀምራል። ጋቲ ግን ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው። «ይሄ ሁሉ ምንድነው?» ስለው «አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለወላጆችሽ፣ አንዱ ለወጡ ነው እትዬ» ይለኛል። እኔ የምይዘው ንፋሲቱን ነው፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት፣ እየጠበቅኩት «ቶሎ በል አቦ፣ ድስቴ አረረ» እላለሁ።

የሄዱበት ቀን ሰኞ ነበር፣ ክረምቱ መሀል ላይ። ጠዋት ከዳዊት ጋር ሁለት ዙር ተጫወትን፣ አንድ ለአንድ፣ ጻፍኩት። ጋቲ ነጯ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ጆይስቲኩን አነሳ። ያን ቀን አርባ ሰው ምሳ የታዘዘብኝ ቀን ነው፣ ሽንኩርቱ አልተላጠም፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ያስለኛል፣ ጀርባዬ ተቆርጧል።

«ጋቲ፣ በናትህ ደክሞኛል» አልኩት።

«ሁለት ዙር ብቻ እትዬ። ስሜ ሳይጻፍ ልሂድ?»

«ስትመለስ ሦስቱንም አንድ ላይ እንጫወታለን። ደክሞኛል አልኩህ እኮ።»

ግድግዳውን አየት አደረገ፣ ሳቀ። «እሺ እትዬ፣ ስመለስ» አለ፣ ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። ዳዊት መኪናው ውስጥ ክላክስ እያደረገ ነበር።

ሐሙስ መመለስ ነበረባቸው። ሐሙስ አልመጡም። ዓርብም አልመጡም። ቅዳሜ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ መኪናዎቹ ከሚቆሙበት ቦታ ሄጄ ጠየቅኩ፣ አንድ ሾፌር ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከመኪናው ስር ወጣና «ሲካ ማፊ፣ ያ ኡክቲ፣ ሞያ ኪቲር» አለኝ፣ መንገድ የለም እህቴ፣ ውሃው በዝቷል ማለቱ ነው። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት መኪና ሁሉ ከወንዙ ማዶ ተሰልፎ ቆሟል አለኝ፣ ስልክ ደግሞ ከከተማው እንደወጣህ አይሠራም። «ማሌሽ» አለኝ መጨረሻ ላይ፣ አይዞሽ እንደማለት። ተመለስኩ፣ ሽንኩርት ላጥኩ። ሌላ ምን ይደረጋል? ሰው ሲጨነቅ ሥራ የሚያቆም ይመስላችኋል፣ አያቆምም፣ እየፈራህም ሳህን ታጥባለህ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ዝናቡ መጣ። ጁባ ዝናብ ሲመጣ ታውቁት እንደሆነ፣ በአንዴ ነው፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ቆርቆሮው ላይ ወረደበት፣ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም። ደንበኞቹ ሮጠው ሄዱ፣ ሠራተኞቼም እሁድ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ወጥተዋል፣ ብቻዬን ቀረሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። ጄኔሬተሩን ለፍሪጁ ብዬ አላጠፋሁትም። ቴሌቪዥኑን ግን አጥፍቼ ነበር፣ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ ጌሙንም አጥፍቼ፣ መጋረጃውን ስቤ ነው ሳህን ማጠብ የጀመርኩት።

መጀመሪያ የሰማሁት የጌሙን አስተዋዋቂ ነው። አንድ የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገር፣ ጀግና በተመረጠ ቁጥር የሚጮህ ሰው አለ፣ ስንት ዓመት ሰምተነው ምን እንደሚል አናውቅም። ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ። እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። ከውጭ ነው አልኩ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው አልኩ፣ በዚያ ዝናብ የጎረቤት ቴሌቪዥን እንዴት ይሰማል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ትንሽ ቆይቶ ሲጢጥ አለ። ያቺ ወንበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈራሁም፣ ተናደድኩ። የሆነ ሰው ከዝናብ ሸሽቶ በጓሮ በር ገብቶ ተደላድሎ ተቀመጠብኝ ብዬ ነው እጄን እየጠረግኩ የሄድኩት። መጋረጃውን ገለጥኩ። ማንም የለም። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ጀግና መምረጫው ላይ ነው፣ በሁለተኛው ተጫዋች በኩል ሽማግሌው ተመርጦ ቆሟል፣ የእኔ በኩል ባዶ ነው፣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ጆይስቲክ ነጯ ወንበር ላይ ነው፣ ጋቲ ትቶት በሄደበት አኳኋን፣ ከላዩ የቆርቆሮው ቀዳዳ ያንጠባጥብበታል።

ሶኬቱን ነቅዬ መሄድ እችል ነበር፣ ማንም ጤነኛ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ግን ሰባት ቀን ሙሉ ከኒሙሌ መንገድ አንድ ቃል አልሰማሁም፣ ገባችሁ? ወንድሜ ይሙት ይዳን የሚነግረኝ አንድ ፍጡር የለም። ሽማግሌውን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም እዚያ መንገድ ላይ ናቸው። ቁጭ አልኩ። እጄ እርጥብ እንደሆነ የኔን ጆይስቲክ አነሳሁና ንፋሲቱን መረጥኩ።

የመጀመሪያው ዙር ጀመረ። ከመጀመሪያው ነው የጀመረው፣ ከሦስተኛው አይደለም። ሽማግሌው መሀል ሜዳ ላይ መጣና አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ። ቆመ። እንደገና እጅ ነሳ። ቆመ። እንደገና። ሦስት ጊዜ፣ ቆጥሬዋለሁ። ይህችን ያዙልኝ።

ከዚያ ደበደበኝ። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እኔ ዙሪያውን ስሮጥ እሱ አንድ ቦታ ቆሞ እየጠበቀ፣ ስቀርበው አንድ ጊዜ ብቻ እየመታ። ከወንበሩ በኩል የአዝራሩን ድምፅ እሰማለሁ፣ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ። አዝራሩ ሲወርድ ሲወጣ አየሁ ብላችሁ እዋሻለሁ፣ አላየሁም፣ ዞር ብዬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈኝ። ያን ጊዜ ሕጋችን ትዝ አለኝ፣ ሁለት ያሸነፈ ይቀመጣል። አሁን አንድ ዙር ቢደግም ይቀመጣል ማለት ነው። እዚህ፣ እኔ ቤት፣ ያቺ ወንበር ላይ።

ሁለተኛው ዙር ላይ እኔ እኔ አልነበርኩም። ግድግዳው በመጀመሪያው ዙር እንደተሰነጠቀ ነው፣ ወደዚያ ጥግ ገፋሁት፣ አስገባሁት፣ ያንን መውጫ የሌለውን እርግጫ ጀመርኩ። ደጋግሜ፣ ደጋግሜ። ቀርፋፋ ነው፣ አይወጣም፣ አውቃለሁ። ደሙ አለቀ፣ ወደቀ። ከዚያ ከወንበሩ በኩል ተጀመረ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ በጣም ፈጣን፣ ወንበሯም አብራ ትንጫጫለች፣ አንድ ሰው በሙሉ ኃይሉ ለመነሳት የሚታገልበት ድምፅ ነው፣ ስንቴ ሰምቼዋለሁ እኔ። ሽማግሌው በጉልበቱ ቆመ። ካባው ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። ቀና ማለት ጀመረ።

መታሁት።

አንድ እርግጫ። ተመልሶ ወደቀ፣ የአዝራሩ ድምፅም ቀጥ አለ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ በአንዴ ቀጥ። አንድ ለአንድ። ማሽኑ ሦስተኛውን ዙር ሊያመጣ ጨለመ፣ ሁልጊዜም ይዘገያል፣ ሲመጣ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ሽማግሌው እጁን አላነሳም፣ እጅም አልነሳም፣ ዝም ብሎ ቆሟል። የማቆሚያውን አዝራር ተጫንኩና ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። መንገዱ መሀል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ውጦት፣ ያለ ጫማ ቆሜ ቀረሁ።

ማታ አንድ ደንበኛዬ መጣ፣ የኮንስትራክሽን ድርጅት ኢንጂነር ነው፣ ደብረ ብርሃን ያደገ፣ ነገር ሁሉ በልኬት የሚያምን። ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም። ጣሪያውን አየ፣ ጆይስቲኩን ገለበጠው፣ ውሃ ጠብ አለ። «እትዬ ሙሉ፣ ውሃ ገብቶበት ሾርት አድርጎ ነው። ማሽኑንም ራሱ ያስነሳዋል፣ አዝራሩንም ራሱ ይጫነዋል» አለኝ።

«ውሃ እጅ ይነሳል?»

«እ?»

«ተወው። ማሽኑ ብቻውን ሲጫወት ሽማግሌው እጅ ነስቶ አያውቅም ነው የምልህ።»

«ደክሞሻል እትዬ» አለ፣ በርኅራኄ ነው ያለው፣ እኔ ግን ያቺን ቃል ስሰማ ልቤ ስንጥቅ አለ። ሶኬቱን ሊነቅል እጁን ሲሰድ ጮህኩበት። ያን ሌሊት፣ በማግስቱ፣ በማግስቱም ጄኔሬተሩን አላጠፋሁትም፣ እየሞቀ፣ እየጨሰ፣ በላዩ ነዳጅ እየጨመርኩ፣ ሁለቱ እዚያ ተፋጠው እንደቆሙ። ደንበኛ ለመጫወት ሲጠይቀኝ ተበላሽቷል እላለሁ።

ማክሰኞ ዳዊት መጣ። በሌላ ሰው መኪና፣ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ብቻውን።

አቅፌው አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም፣ ቁጭ አለና ውሃ ጠጣ፣ ቀስ እያለ ነገረኝ። ከወንዙ ማዶ አራት ቀን ቆመው ነበር። እሁድ ውሃው ጎደለ ተብሎ በመልካው በኩል መሻገር ተጀመረ፣ እንደ ልማዱ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከፊት በእግሩ እየገባ በዱላ የውሃውን ልክ ያያል። ጋቲ ረጅም ስለሆነ ሁልጊዜ የሚወርደው እሱ ነበር። ያን ቀን ትኩሳት ይዞት ስለነበር ዳዊት ወረደ፣ ጋቲ መሪውን ያዘ። መሀል ላይ ሲደርስ ከላይ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ጎርፍ መጣ፣ መኪናው ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አልኩት።

«ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ለምን?»

«እንዲሁ ነው።»

«ጋቢናው ላይ ወጥቻለሁ፣ ከውስጥ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ይሰማኛል፣ እታለም፣ እንዲህ እንዲህ እያደረገ» ብሎ ጠረጴዛዬን በጣቱ በፍጥነት ደበደበው። «አንድ ጊዜ ወጥቶ ነበር እኮ። በመስኮቱ እስከ ደረቱ ወጥቶ ነበር፣ እጁን ይዤዋለሁ። ከዚያ የሆነ ነገር መታው፣ ግንድ ይሁን ምን አላየሁም፣ ከታች መጥቶ መታው፣ ተመልሶ ገባ። ሁለተኛ አልተነሳም።»

እሱ ሲነሳ መጋረጃው ገለጥ ብሎ ነበር፣ ቴሌቪዥኑን አየው። ሽማግሌውን አየው።

«ማነው የተጫወተው?»

«ኢንጂነሩ» አልኩ።

«ኢንጂነሩ ሽማግሌውን አይይዝም።» ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ። «ስንት ለስንት ናችሁ?»

«አንድ ለአንድ።»

ኖራውን አነሳና በደህናው እጁ፣ በተጣመመ ጽሑፍ፣ ከራሱ ስም ስር «ጋትሉዋክ 1–1» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሄዶ ጄኔሬተሩን አጠፋው። ወንድሜ ምን እንደገባው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ከዚያ ቀን በኋላ ጆይስቲክ ይዞ አያውቅም።

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩት ይሄ ነው። ለኢንጂነሩ፣ ለንስሐ አባቴም ሳይቀር፣ «ወንድሜ የመጣ መስሎኝ ነው የተጫወትኩት» ነው ያልኩት። ውሸት ነው። እስኪጀመር ድረስ ዳዊት መስሎኝ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ግን ሽማግሌው አንድ ጊዜ እጅ ነሳ፣ ሁለተኛ ነሳ፣ ሦስተኛውን ሲነሳ አወቅኩ። ማን እንደሆነ በደንብ አወቅኩ። እና ምን አልኩ መሰላችሁ? «ተመስገን» አልኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት፣ ዳዊት አይደለም ተመስገን። ያን ያህል ዓመት ከእጄ የበላ ሰው፣ ትቼው የነበረውን ጨዋታ ሊጫወት የመጣ ሰው፣ ፊቴ ቆሞ ለወላጆቼ ሁሉ እጅ እየነሳ፣ እኔ የኔ ሰው ስላልሆነ አመሰገንኩ። እየተነሳ እያለም የመታሁት ማን እንደሆነ ስለማላውቅ አይደለም። ወንበሩ ላይ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው፣ ሄዶ ነፍሱ ትረፍ ብዬ እንኳን አይደለም፣ ከእኔ ቤት ብቻ ይሂድልኝ ብዬ።

አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በቀደም የነፃነቱ ባንዲራ ሲሰቀል ከተማው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ቤት ቢራ አልቆ ከጎረቤት ተበደርኩ፣ ጋቲ ይህን ቀን ነበር የሚጠብቀው፣ «ድምፄን ሰጥቼ ከዚያ እንደ ልቤ እተኛለሁ» ይል ነበር። ጣሪያውን አሠርቻለሁ፣ አሁን አያፈስም። ጌሙን ሸጬዋለሁ፣ ጆይስቲኮቹን ግን ገዢው ሁለተኛው ውሃ ገብቶበታል ብሎ አልወሰዳቸውም። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀባሁት፣ «ጋትሉዋክ 1–1» ግን እርጥበት ሲሆን ከስር ይወጣል፣ ቀለም ቀቢው የኖራ ባሕርይ ነው አለኝ፣ ይሁን። ነጯን ወንበር ሦስቴ አውጥቼ ጥያት ሦስቴም አስመልሻታለሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አሸንፎ አልተቀመጠ፣ ተሸንፎ ወንበር አልለቀቀ፣ በሕጋችን ሦስተኛው ዙር ለመንገደኛ ይቆያል።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይወጣና ብቻዬን እቀራለሁ። እጄን ከሳሙናው አውጥቼ በሽርጤ እጠርጋለሁ፣ መጋረጃውን ግን አልገልጥም፣ ከዚህ በኩል ቆሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጋቲ፣ ዛሬ ደክሞኛል» እለዋለሁ። እውነቴን ነው ደግሞ፣ ደክሞኛል። ያኔ እንዳለው «እሺ እትዬ» እንዲለኝ ትንሽ እጠብቃለሁ። የምሰማው ግን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው፣ ከቆርቆሮው ላይ ይሁን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሄጄ አላየሁም።